መስመሩን የሚጠራው ሰው

ኦሪን ታትልን በዊሎ ፍላት ከተማ የማያውቀው የለም፤ ድምፁን የሰማው ግን ጥቂት ነው። ምግብ ቤት ገብቶ እንቁላል አዝዞ ፓንኬክ ቢያመጡለት ፓንኬኩን በልቶ ይወጣል። በእርሻ መሣሪያ መጠገኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሲበይድ፣ አለቃው ሊያመሰግነው ቢመጣም ሊቆጣው ቢመጣም መልሱ ያው "እሺ" ነው። ሚስቱ ሎሬታ፣ "እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ቁም ሣጥን?" እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። እሱም ይሰማና ፈገግ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ኦሪን ሌላ ሰው ነው። አስፋልቱ አልቆ ግራጫው ቁጥቋጦ በሚጀምርበት ቦታ የከተማው የተኩስ ክበብ ሜዳ አለ፤ ረጅም የቆርቆሮ ዳስ፣ ከሥሩ አሥር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛዎቹ ኋላ ሲሚንቶው ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር። ኦሪን ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ መሃል ላይ ይቆምና "መስመሩ ቀዝቅዟል!" ብሎ ይጮኻል። በዚያች ቃል ተኩስ ይቆማል። ጠመንጃ ሁሉ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሆዱ ተከፍቶ ይጋደማል። ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ከቢጫው መስመር ኋላ ያፈገፍጋል፤ የወረቀት ዒላማ የሚቀይሩትም ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። እነሱ ተመልሰው ኦሪን "መስመሩ ሞቋል!" እስኪል ድረስ ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር አይነካም፤ መነጽሩን የረሳ ሰው እንኳ መነጽሩን አያነሳም። ባለ ብዙ ከብቱም ይታዘዛል፣ የፖሊስ አዛዡም ይታዘዛል፣ ከባር በቀጥታ የመጣውም ይታዘዛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እምቢ ብሎት አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የዋጠውን ሁሉ በእነዚያ ሁለት ቃላት ያወጣው ነበር። ሰደርያዋ ብትወሰድበት ምን እንደሚቀረው አንድ ጊዜ ሊያስበው ሞክሮ ቶሎ ተወው።

ተኩስ ያስተማረው አባቱ ቨርን ነው። ያስተማረውም በዱላ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው አጥር ላይ የባቄላ ቆርቆሮ ይደረድርና ዘጠኝ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጠመንጃውን ይሰጠዋል። ጥይት በሳተ ቁጥር የጠመንጃ መወልወያው የነሐስ ዘንግ ጀርባው ላይ ያርፋል። "ጥይት በነፃ የሚታደል መሰለህ እንዴ?" ይለዋል። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ መሳት አቆመ። ያኔ ቨርን ቆርቆሮዎቹን እያራቀ ይደረድራቸው ጀመር፤ ጀርባውም አላረፈም። እናቱ በወጥ ቤቱ መስኮት ታያለች፣ መጋረጃውን ትስባለች። ኦሪን ትንፋሹን ይዞ ከሁለት የልብ ምት መካከል ቃታ መሳብን የተማረው በዚያ አጥር ሥር ነው፤ አለማልቀስንም እንዲሁ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ባለ ሁለት መቀመጫ አሮጌ ዳትሰን ገዛ። ሞተሩ የሞተ፣ ወንበሩ አይጥ ጎጆ የሠራበት ቀይ የስፖርት መኪና ነበር። አንድ ቀን ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ ሲፈታ፣ ቨርን ጠጥቶ መጣና ወደ ውጭ የወጡትን እግሮቹን በጫማው ይረግጣቸው ጀመር። አንድ። "ተነስ!" ሁለት። "ይሄን ቆሻሻ ከግቢዬ አውጣ!" በሦስተኛው ኦሪን ተንሸራትቶ ወጣ። በእጁ የነበረው ክንድ የሚያህል መፍቻ ነው። የአባቱ የትከሻ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ቨርን በፈሰሰው ዘይት ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከዚያ ሳቀ።

"አሁን ገና የኔ ልጅ ሆንክ!" አለው።

ኦሪንን ያ ሁሉ ዱላ ያላስፈራውን ያህል ያቺ ሳቅ አስፈራችው። መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ላይ እጁን አላነሳም፤ ድምፁንም ከቅዳሜ በቀር አላነሳም።

ዳትሰኗን ግን አልጣላትም። ካገባም በኋላ፣ ቤት ከሠራም በኋላ ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ጓደኛው ዊላርድ ፕሩት ይመጣል። ዊላርድ የአውራጃውን ጥርጊያ መንገድ በግሬደር የሚያስተካክል፣ አፉ የማያርፍ፣ ሳቁ ሦስት ቤት የሚያልፍ፣ በተኩስ ደግሞ ከአውራጃው አንደኛ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አውርደው ሰቅለዋል፤ ካርቡራተሮቹን እንደ ሰዓት በታትነው ገጥመዋል። ኦሪን አንድ አመል ነበረው፤ የሠራውንም የሚሠራውንም ሁሉ ከነቀኑ በጋራዡ በር የውስጥ ገጽ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ የላላ ቡሎን።

"ሎሬታን የሳምክበትንም ቀን ጻፈው እንጂ" ይለዋል ዊላርድ። "በስንት ሺህ ማይል አንዴ እንደሆነ እንድናውቅ።"

በሚያዝያ ፍሪስዮኑን ሲቀይሩ ቮላኖው ወጣ፤ ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ሰሃን ነው። ተበልቶ ነበርና በአዲስ ተኩት። ዊላርድ አሮጌውን አንጠልጥሎ በመዶሻ ቢነካው ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

"ስማው! ይሄን መጣል ወንጀል ነው። ሜዳው ላይ እንስቀለው፤ ጥይት ሲነካው ቤተ ክርስቲያን ይመስላል።"

ሰቀሉት። ለተኩስ የሚሰቀል ብረት በልዩ ሁኔታ የጠነከረ መሆን አለበት፤ የሞተር ብረት ጥይት ሲመታው ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ጥይት ደግሞ ተሰባብሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን ከኦሪን የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ እንዲሰቀል አደረገ። ሰው ሁሉ በጠመንጃ እያስጮኸ ተደሰተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ዓርብ ኦሪን ብቻውን ሜዳው ላይ ነበር። ድምፁን በሽጉጥ ሊሰማው ፈለገ። ቮላኖውን ከነማቆሚያው አምጥቶ ሃያ አምስት እርምጃ ላይ ተከለው፤ ተኮሰ፣ ጮኸለት፣ ምንም አልሆነም። ነገ ጠዋት ሎሬታም ትሞክረው፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ዊላርድ ስድስት ጥይት ተኩሶ ስድስቱንም አስጮኸና ሽጉጡን አስቀመጠ። ላቡን ሊጠርግ መከላከያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። ከጎኑ ሎሬታ ተኮሰች። ቮላኖው ጮኸ፤ ከዚያ ዊላርድ "ኧ" አለ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቀስ ብሎ። እጁ ቀኝ ዓይኑ ላይ ነበር። በጣቶቹ መካከል ደም ወጣ፤ ከደሙ ጋር ደም ያልሆነ ሌላ ነገርም ወጣ። በጉልበቱ ወደቀ፤ አስታወከ፤ ከዚያ እንደ ቆሰለ በሬ መጮኽ ጀመረ። ኦሪን ወደ እሱ ከመሮጡ በፊት "መስመሩ ቀዝቅዟል!" ብሎ ጠራ። ከልማድ ነው። ሎሬታ ሽጉጧን አስቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ሬኖ ከተማ ያሉት ሐኪሞች ዓይኑን አወጡት።

የክበቡ ሊቀ መንበር ሚስተር ሆሊስ፣ ኦሪንን በልጅነቱ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመላለሱት ሽማግሌ፣ ሰኞ ዕለት አባላቱን ሰብስበው ጠየቁ። "ያን ብረት ወደ ሃያ አምስት ማን አቀረበው?"

ኦሪን ሰደርያዋን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ይዟት ነበር። "ጠዋት ስመጣ እዚያው ነው ያገኘሁት" አለ።

"ዓርብ ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩ" አለ አንዱ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሎሬታ ግን አላለፈላትም። እህል መቅመስ ተወች። እቃ እያጠበች ትቆምና "እኔ ነኝ ያጠፋሁት ኦሪን። በዚህ ጣቴ" ትለዋለች፣ ጣቷን እያሳየችው። "አንቺ አይደለሽም" ይላታል። ከዚያ እቃውን ተቀብሎ ያደርቅላታል። ቅዳሜ ይደርሳል፣ ሰደርያውን ይለብሳል፣ ይጠራል፣ ሰው ይታዘዘዋል።

በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዊላርድ ራሱ መጣ። ዓይኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ አድርጓል፤ ከስቷል።

"ቢራ አለ ወይስ ለዕውር አይሰጥም?"

"አለ።"

ዊላርድ ሲቀዳው ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው። "አየህ? ርቀት የሚባል ነገር ጠፋኝ። ትናንት የገዛ ሚስቴን ልስም ብዬ በሩን ሳምኩት" ብሎ ሳቀ፤ ኦሪንም ሊስቅ ሞከረ። "ሎሬታ ፈርታ እንደተደበቀችኝ ሰማሁ። ንገራት፣ በሷ አልተቀየምኩም። ያን ብረት ያቀረበውን ውሻ ባገኘው ግን ጥርሱን አስለቅመዋለሁ።"

ዊላርድ ከበሩ ኋላ ያለውን ወንበር ሊያነሳ በሩን ዘጋው፤ ከበሩ ፊት ቆመ። የጠመኔውን ጽሑፍ በአንድ ዓይኑ፣ አንገቱን እንደ ወፍ አዘንብሎ፣ ከላይ ወደ ታች ያነበው ጀመር። ኦሪን ምን እያነበበ እንደሆነ የገባው ጣቱ ሲቆም ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ያየው፣ ግን ያላየው መስመር ነበር።

"'ረቡዕ፦ የፍሬን ዘይት'" አለ ዊላርድ ጮክ ብሎ። "'ሐሙስ፦ የኋላ መብራት። ዓርብ፦ ቮላኖውን ወደ ሃያ አምስት ማቅረብ።'"

ወደ ኦሪን ዞረ።

"ያንተ ጽሕፈት ነው?"

"የኔ ነው።"

"ሚስትህ 'እኔ ነኝ' እያለች ስታለቅስ አንተ እቃ ታደርቅላት ነበር?"

ዊላርድ ከግድግዳው ላይ ትልቁን መዶሻ አነሳ። ኦሪን ለራሱ መስሎት ነበርና አልሸሸም። መዶሻው ግን ዳትሰኗ ላይ ወረደ። የፊት መስታወቱ እንደ በረዶ ተሰነጣጥቆ ወደ ውስጥ ገባ። ኮፈኑ ሁለቴ ተመትቶ ታጠፈ። የፊት መብራቶቹን ሊመታ የመጀመሪያውን ሳተ፤ ርቀቱ ጠፍቶበት መዶሻው ሲሚንቶውን መታና እጁን አነዘረው፤ ተሳደበ፤ ተጠግቶ በእጁ ዳስሶ ካገኘው በኋላ ሰበረው። ያ ዳሰሳ ከሁሉም በላይ ኦሪንን አደቀቀው። ዊላርድ በሮቹን፣ ጣሪያውን፣ ባለፈው ዓመት አብረው የቀቡትን ፓራፋንጎ ደበደበ። ላቡ ከጨርቁ ሥር ሲወርድ እንባ ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ነበር።

"አንድ ነገር በል እንጂ! ምታኝ! ሰው አይደለህም?"

"ትክክል ነህ" አለ ኦሪን።

"ትክክል መሆኔን አንተ አትነግረኝም።" ዊላርድ መዶሻውን ወረወረው። "ቅዳሜ ለሁሉም ትነግራቸዋለህ። ለሎሬታ፣ ለሆሊስ፣ ለሁሉም። አንተ ካልነገርካቸው እኔ ከአፍህ አወጣዋለሁ።"

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ኦሪን ስለ መናገር አሰበ። ለሎሬታ የዳትሰኗን ነገር "ዊላርድ ተናዶ ነው" ብሎ ነገራት፤ እሷም "ይገባኛል፣ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?" ብላ ቀና ሳትል ቀረች። ሳይነግራት አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ሰደርያዋን ለበሰ። ዛሬ አንድ ጊዜ ልጥራና ከዚያ እናገራለሁ አለ። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለተኛ ጠራ። ሎሬታ ከስድስት ሳምንት በኋላ በእሱ ልመና ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ በሦስተኛው ጠረጴዛ ጠመንጃዋን ትተኩስ ነበር።

በሦስተኛው ጥሪ መስመሩ ቀዘቀዘ። ሚስተር ሆሊስና አምስት ሰዎች ወረቀት ሊቀይሩ ወደ ሜዳው ወረዱ። ያኔ የዊላርድ መኪና ጠጠሩን እየረጨ መጥታ ቆመች።

"ነገርካቸው?" አለ ከሩቅ።

ኦሪን ጀርባውን ለጠረጴዛዎቹ ሰጥቶ እንደ ቆመ ቀረ። "ዊላርድ፣ ሰዎች ሜዳው ላይ ናቸው፣ ትንሽ ቆይ..."

የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርሱ ሲነቀል ተሰማው፤ አንዱን ዋጠው። ሁለተኛው ሳተ፣ ጆሮውን ጨርፎ አለፈ። ሦስተኛው አልሳተም። ኦሪን ወደቀና ጭንቅላቱ የጠረጴዛውን እግር መታ፤ ዊላርድ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ የጎን አጥንቱን ሲጫነው አንድ ነገር ከውስጥ ቀጭ አለ። ርቀት ለማያይ ሰው በዚህ ቅርበት መምታት ቀላል ነው። ኦሪን እጆቹን ከጎኑ ዘርግቶ ሲሚንቶውን ያዘ። ቀኝ እጁ አጠገብ ከጠረጴዛ የወደቀ ብረት ነበር፣ የጣት ያህል ውፍረት ያለው መወልወያ። ጣቶቹ አወቁት። አልያዙትም።

"ተናገር!" ይላል ዊላርድ በየቡጢው። "ተናገር! ተናገር!"

"ልቀቀው!" ስትል ሎሬታ ተሰማች። "ዊላርድ፣ ትገድለዋለህ! እኔ ነኝ፣ እኔን ምታ!"

ዊላርድ አልሰማም። ኦሪን በአንዱ ባላበጠ ዓይኑ ወደ ላይ ሲያይ ሎሬታ ቢጫውን መስመር አልፋ ነበር። ጠመንጃዋ እጇ ላይ ነው። ጥይት ስትጨምር፣ ስታቀባብል ሰማ። አፈሙዙ ወደ ዊላርድ ጀርባ ዞረ፤ ከዊላርድ ባሻገር ደግሞ ሜዳው፣ በሜዳው ላይ ስድስት ሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦሪን አስቦ አላደረገውም። ደም የሞላው አፉ ተከፈተና ያ የቅዳሜ ድምፅ ወጣ።

"መስመሩ ቀዝቅዟል! እጅ ከመሣሪያ!"

የዳሱ ቆርቆሮ አስተጋባ። ሎሬታ ደንግጣ ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው፤ አፈሙዙ በሜዳው ጫፍ ጥይት ወደሚያቆመው የአፈር ግድብ ነበር። እጆቿን ወደ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች። ዊላርድም ተነሳ። አሥራ አንድ ዓመት የታዘዘውን ድምፅ ሰምቶ፣ ቡጢው ገና እንደ ተጨበጠ፣ ከኦሪን ደረት ላይ ወርዶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ አፈገፈገና ከቢጫው መስመር ኋላ ቆመ። እግሩን ወደ ታች አየ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

"እግዚአብሔር ያጥፋህ ኦሪን" አለ እያለከለከ።

ሚስተር ሆሊስ በሰባ አራት ዓመታቸው የዒላማ ወረቀት መምቻውን ስቴፕለር እንደ ያዙ እየሮጡ ደረሱ። አምስቱ ከኋላቸው።

"ምንድነው ይሄ? ማን ነው ጠመንጃ ያነሳው?"

ኦሪን በጠረጴዛው ተደግፎ ሊነሳ ሲል ትዝ አለው፤ ጠረጴዛው መነካት የለበትም። በእጁ ሲሚንቶውን ተደግፎ ተነሳ።

"ሚስተር ሆሊስ፣ ያን ብረት ያቀረብኩት እኔ ነኝ" አለ። ቃሉ በወለቁት ጥርሶቹ ክፍተት ያፏጭ ነበር። "ዓርብ ዕለት። ብቻዬን። ድምፁን በሽጉጥ ልሰማው ብዬ። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።"

"ምን?" አለች ሎሬታ።

"አንቺ አይደለሽም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሌላውን ግን አልነገርኩሽም።"

ሎሬታ ሄዳ ያበጠ ጉንጩን በጥፊ መታችው። ያን የሚያህል ቡጢ ሳያስለቅሰው ያ ጥፊ አስለቀሰው።

"እህል አልበላም ስል 'ሾርባ ላሙቅልሽ' አልከኝ" አለች። "ሾርባ!"

"ሎሬታ፣ አንቺ መስመር ቀዝቅዞ መሣሪያ አነሳሽ፤ ለዛሬ ወደ ቤትሽ" አሉ ሚስተር ሆሊስ። "ዊላርድ፣ አንተም ከዛሬ ጀምሮ እስከ ገና እንዳላይህ። ኦሪን..."

ኦሪን ሰደርያውን እያወለቀ ነበር። አንዱ ክንዱ እምቢ ሲለው ዊላርድ ሳይጠየቅ ከኋላ ሳበለት። ሁለቱም አልተያዩም። ሚስተር ሆሊስ ሰደርያዋን ተቀበሉ፤ ደም ነበረባት፤ ለበሷት፤ ሰፋችባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጭን የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠርተው ነው ሁሉም ሰው ከመስመሩ ኋላ መሆኑን ያረጋገጡት። ሎሬታ የመኪናውን ቁልፍ ከኦሪን ኪስ አውጥታ ብቻዋን ነድታ ሄደች።

ዊላርድ ከኋላ ኪሱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ጨርቅ አውጥቶ ለኦሪን ወረወረለት። ጨርቁ ሳይደርስ መሃል ላይ ወደቀ።

"ራስህ አንሳው" አለ። "ርቀቱ ጠፋኝ። ደግሞ አፍህን ጥረግ፣ ታስጠላለህ። ክሊኒኩ ድረስ እኔ ነኝ የምወስድህ፤ ሌላ መኪና የለህም።"

ኦሪን ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አነሳ። የራሱ ጠመንጃ አሥረኛው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይዞት መሄድ አለበት።

"ሚስተር ሆሊስ" አለ። "ወደ ጠረጴዛው መቅረብ ይቻላል?"

ሽማግሌው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

"አይቻልም፣ ልጄ። መስመሩ ገና አልሞቀም፤ ቆይ።"

ኦሪን ከቢጫው መስመር ኋላ፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ቆየ።